ሰማይ ላይ የተተከለው ድንኳን

ወንድሜ የተሣለበት ሥዕል ላይ «ርዕስ አልባ» ብለው ለጠፉበት። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ በእንግሊዝኛም በአማርኛም፣ «የሕልም ዓለም ነዋሪ የሆነ ወጣት» የሚል ተጽፏል። ወንድሜ የሕልም ዓለም ነዋሪ አልነበረም። የአብነት ሰፈር ልጅ ነበር፤ ስሙ ተስፋሚካኤል ነው። ይህን ለማወቅ አጠገቡ የቆመችውን እናቱን መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ከመጀመሪያው ልናገረው፤ አለዚያ ንዴቴ ይቀድመኝና ያልሆነ ነገር ያናግረኛል።

ስሜ ወይንሀረግ ነው። አብነት ገመድና የፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ የእድራችን ንብረት ያዥ ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ብርጭቆው ሁሉ በኔ እጅ ነው። «ወይንሀረግ ሰው ሞቶ እያለ ማንኪያ ትቆጥራለች» እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ። የተዋሱትን መመለስ ለኔ እንደ ጾምና ጸሎት ነው፤ ከሐዘንተኛ ቤት የወጣ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ሰዓሊዋን አሁን ዓለም ሁሉ ሎሬታ ሃስኪል ይላታል። እኛ ማዳም ሎሬታ ነበር የምንላት። አሜሪካ የተማረ ገብረየሱስ የሚባል የውኃ መሐንዲስ አግብታ በጃንሆይ ጊዜ መጣችና ከግቢያችን ጀርባ ያለው ቤት ገባች። ባሏ ቀድሟት ሞተ። አሁንስ አገሯ ትገባለች ብለን ስንጠብቅ አልገባችም። የሰፈሩን ልጆች እንግሊዝኛ ታስጠናለች፤ የቀረውን ቀን ትስላለች። የምትስለው ነገር ሌላ ነው፦ ሆዱ ላይ መስኮት ያለው አህያ፣ ጥርስ ያወጣ ደረጃ፣ ጤና አዳም ከአናቷ የበቀለላት ሴት። እኛ ልጆቹ በአጥሩ ቀዳዳ እያየን እንስቅ ነበር፤ እሷም ስታየን አብራን ትስቅ ነበር። እብድ ናት ያላትን ሰው ግን አላስታውስም። የእድሯን መዋጮ አታስተጓጉልም፣ ለቅሶ ቤት ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች። ለሰው ለቅሶ ሽንኩርት የሚልጥ እብድ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ተስፋሚካኤል በ1970 ዓ.ም. ተገደለ። እሱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ እኔ ዐሥር። እንዴት እንደተገደለ አልዘረዝርም፤ ያን ዘመን ያየ ያውቀዋል። አስከሬኑ አልተሰጠንም። ማልቀስ ተከልክሏል። ድንኳን መትከል ተከልክሏል። የእድራችን ጥሩምባ አልተነፋም። እናቴ ጠጅቱ በማግሥቱ ዘንቢል አንጠልጥላ ገበያ ወጣች፤ ያላዘነች መምሰል ነበረባት። ፎቶዎቹንም በገዛ እጇ አቃጠለቻቸው። በሁሉም ላይ ከጓደኞቹ ጋር ስለተነሣ፣ ቤት ሲፈተሽ የሌላ ሰው ልጅ እንዳታስፈጅ ፈርታ ነው። ከዚያ በኋላ የልጇን ፊት የምታይበት ምንም ነገር አልቀራትም።

ያን ሰሞን ማዳም ሎሬታም የምትስልበት ሸራ አጥታ ነበር፤ ከውጭ የሚገባ ነገር ጠፍቷል። እድሩ አርጅቶ የተቀደደ ድንኳን ነበረውና የዚያን ጊዜው የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደገብርኤል አንዱን ጎኑን ቀደው ሰጧት። መስኮቷን ዘግታ ብዙ ቀን ሠራች። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የታጠበ አንሶላ የያዘች መስላ ቤታችን ገባችና እናቴ ፊት ዘረጋችው።

ነጭ የእድር ድንኳን ነው። የተተከለው ግን ሰማይ ላይ ነው። ካስማው ደመና ላይ ተመቷል፣ ገመዱ የቤቶቻችን ቆርቆሮ ድረስ ወርዷል። አግዳሚዎቹ ተደርድረዋል፣ የተቀመጠባቸው ሰው ግን የለም። መሐል ላይ ተስፋሚካኤል ውኃ የተሞሉ ብርጭቆዎች በትሪ ይዞ ቆሟል፤ ለቀስተኛው እስኪመጣ የሚጠብቅ ይመስላል። የግራ ቅንድቡ ጠባሳ እንኳን አልቀረችም። በሕይወቱ ሳለ ለቅሶ ቤት ውኃ የሚያዞረው እሱ ነበር። ማዳም ሎሬታም ከዚያ ትሪ ላይ ስንት ጊዜ አንሥታ ጠጥታለች።

«ጠጅቱ» አለቻት በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፤ «ድንኳን ከለከሉ። እኔ እዚህ ተከልኩ።»

እናቴ ነጠላዋን ነክሳ፣ ድምፅ ሳይወጣት አነባች። ሥዕሉን መኝታ ቤቷ ሰቀለችውና እንደ ቅዱሳን ሥዕል መጋረጃ አደረገችለት። ሰው ሲመጣ ይጋረዳል፣ ብቻዋን ስትሆን ይገለጣል። ፈታሽ ቢያየው እንኳ የሚገባው ነገር አልነበረም፤ የፈረንጅ ሕልም ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ሰፈራችን ፈርሶ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ደረጃውን መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው፤ አልጋው ከዚያ በኋላ ነው የወጣው።

ማዳም ሎሬታ በ1984 ዓ.ም. ሞተች። ለዘመዶቿ አሜሪካ ድረስ ተጻፈላቸው፣ መልስ አልላኩም። እድራችን ቀበራት፣ ድንኳን ተከለላት፣ ሦስት ቀን ተቀመጥንላት። ብቻዋን አልሞተችም። ይህን ደጋግሜ ብናገር ታገሡኝ፣ ምክንያት አለኝ።

ኋላ ነው እንግዲህ ኒው ዮርክ ያሉ የሥዕል ነጋዴዎች ተረስተው የቀሩ ሴት ሱሪያሊስቶችን መፈለግ የጀመሩት። ሱሪያሊስት የሚሉት ሕልም የሚመስል ነገር የሚስለውን ነው። አንዲት የእህቷ ልጅ፣ ማዳም ሎሬታ በወጣትነቷ የሣለቻቸውን ከጣሪያ ሥር አውጥታ ሸጠች። ጋዜጣ ጻፈላት፣ ዋጋው ወጣ፤ ዋጋው ወጣ ተብሎ ደግሞ ጋዜጣ ጻፈላት። መጨረሻ ላይ «የአዲስ አበባ ዘመኗ» የሚባል ነገር ተፈጠረ። ስትሞት ደብዳቤ ለመመለስ ያልበቁት ሰዎች አውሮፕላን ተሳፍረው በየቤታችን ሊፈልጓት መጡ።

ይዟቸው የመጣው ቤካ ነው። ቤካ የአቶ ወልደገብርኤል የሴት ልጃቸው ልጅ ነው፤ ድንኳኑን ቀደው የሰጡት የወልደገብርኤል። አለባበሱ ያማረ፣ አንደበቱ የረጋ፣ ለውጭ ሰዎች ሥዕል እያፈላለገ የሚኖር ልጅ ነው። እኔ ዝዋይ ክርስትና ተጠርቼ በሄድኩበት ቀን መጥቶ የእናቴን ጉልበት ሳመ።

«እማማ፣ ልደታ ማርያም ጀርባ ካለው ቪላ የማዳምን ሥራዎች ልናሳይ ነው። የእርስዎን ለሁለት ሳምንት ቢያውሱን እኔው ራሴ አምጥቼ እሰቅልልዎታለሁ» አላት።

እናቴ ወረቀት አልጠየቀችም። የእድር ሰው ከእድር ሰው ሲዋዋስ ወረቀት የሚባል ነገር የለም፤ ብናምንም ባናምንም ነውር ነው። እኔ ማንኪያ ቆጣሪዋ እንኳን ቤት ብኖር፣ የወልደገብርኤልን የልጅ ልጅ «ፈርምልኝ» የምልበት አፍ አልነበረኝም። ይህን ነው ያወቀብን።

ኤግዚቢሽኑ የተከፈተ ቀን እናቴን ደግፌ ከአራተኛ ፎቅ አወረድኳት። ዘጠና ሊሞላት ነው፣ በየደረጃው ማረፊያ ትቀመጣለች። ቪላው ስንደርስ ሰው ብርጭቆ ይዞ ቆሞ ያወራል። ግድግዳው ላይ ስለ ማዳም ሎሬታ በትልቁ ተጽፏል፦ «በማይረዷት ሰዎች መካከል ብቸኛ ነበረች። ጎረቤቶቿ እንደ እብድ ያዩአት ነበር። ከቆሻሻ በለቀመችው ጨርቅ ላይ የማይታይ ዓለም ሣለች።» ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእድራችን ድንኳን ነው ቆሻሻው። የማይታየው ዓለምም እኛ ነን፤ እዚያው ቆመን ማንም አላየንም።

ወንድሜ በስተግራ ጥግ ተሰቅሏል። ከሥሩ የነገርኳችሁ ጽሑፍ አለ፣ ቀጥሎ «የወራሾች ስብስብ» ይላል፤ ከጎኑ ትንሽ ቀይ ክብ ወረቀት ተለጥፏል። አንዷን አስተናጋጅ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ተሽጧል ማለት ነው» አለችኝ በትሕትና።

እናቴ ቀስ እያለች ሄዳ እጇን ዘረጋች።

«እማማ፣ አይነካም» አላት ጥበቃው።

«ልጄ ነው» አለችው።

ጥበቃው ወደኔ አየ፣ ወደ ሥዕሉ አየ፣ ከዚያ እጁን አወረደ። ከዚያ ቤት ሰው ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

ቤካን ከሰው መሐል ጎትቼ አወጣሁት። «ሁለት ሳምንት ነበር ያልከው።»

«እትዬ ወይንሀረግ፣ ነገሩ ትንሽ ተወሳስቧል» አለኝ። «ስጦታ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ሥራው የወራሾቹ ነው ይላሉ። እኔም መጀመሪያ አላወቅኩም። የገዛው ሰው ቴክሳስ ነው ያለው፤ ሥዕሉ ሰኞ ጠዋት ወደ ኤርፖርት ይሄዳል። ለእማማ ጠጅቱ ግን አንደኛ የሆነ ኮፒ እናሳትምላቸዋለን። ልዩነቱን አያውቁትም።»

«እናት ልጇን አትለይም ነው የምትለኝ?»

በዚህ መሐል ኦድሪ የምትባለው አሜሪካዊት፣ የጋለሪው ባለቤት፣ ፈገግ ብላ መጣችና የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ከኋላዋ ካሜራ የያዘ ልጅ አለ።

«ሎሬታን የሚያውቅ ሰው በማግኘቷ ክብር ተሰምቷታል» ብሎ ተረጎመ ቤካ። «ሥዕሉ ምን ስሜት ይፈጥርብዎታል ትላለች።»

«ልጄን መልሺልኝ በልልኝ» አለች እናቴ።

ቤካ መሬት መሬት እያየ በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ሥዕሉ ወጣትነቷን እንዳስታወሳት፣ በጣም እንደተደሰተች ነገራት። ልጅ የሚል ቃል በውስጡ አልነበረም። እንግሊዝኛ እንደማልሰማ እርግጠኛ ነበር፤ ያስጠናችኝ ማዳም ሎሬታ ራሷ መሆኗን ማን ይንገረው።

«እንዲህ አላለችም» አልኳት በእንግሊዝኛ። «ይህ ልጅ የሷ ልጅ ነው። ተገድሏል። መልሺልኝ ነው ያለችሽ።»

ኦድሪ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ዓይኗም እንባ ያቀረረ መሰለኝ። «አዎ» አለች፤ «በአንድ በኩል የሁላችንም ልጅ ነው።»

በሕይወቴ ብዙ ስድብ ተሰድቤያለሁ። ገበያ ውስጥ ነው የምኖረው። እንደዚያች ዓረፍተ ነገር ግን ያቃጠለኝ የለም። የሁላችንም ከሆነ፣ እናቴ በተገደለ ማግሥት ዘንቢል አንጠልጥላ ገበያ ስትወጣ ሁላችንም የት ነበርን? አፌን ስከፍት እናቴ እጅጌዬን ሳበችኝ። «እንሂድ» አለች።

ቤት ገብታ ባዶው ግድግዳ ፊት ተቀመጠች። ሥዕሉ የለም፣ መጋረጃው ግን እንደተሰቀለ ነው። ተነሥታ መጋረጃውን ዘጋችው።

«ያኔ ሲወስዱት አታልቅሺ አሉኝ፣ አላለቀስኩም» አለች። «አሁንስ የከለከለኝ ማን ነው?»

ነጠላዬን ለበስኩና ወደ ጋሽ አብዱሰመድ ቤት ሄድኩ። ጋሽ አብዱሰመድ የአሁኑ የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ ሜክሲኮ የጫማ ሱቅ አላቸው፤ ብዙ ሰምተው ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው። እሑድ ከሰዓት ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡልኝ። አንዱ ፖሊስ አለ፣ አንዱ ጠበቃ አለ። ጠበቃ እስክናገኝ ሥዕሉ ባሕር ይሻገራል አልኳቸው። እኔ እየጮኽኩ፣ እነሱ እርስ በርስ እየተነጋገሩ ሳለ ጋሽ አብዱሰመድ እጃቸውን አነሡ።

«ለመሆኑ ለተስፋሚካኤል ድንኳን ተተክሎለታል?» አሉ።

«አልተተከለም» አልኩ።

«ጥሩምባውስ?»

«አልተነፋም።»

«ጠጅቱ ከእድሩ ወጥታ ታውቃለች?»

«አንድም ቀን።»

«እንግዲያው እድሩ ሥራውን አልጨረሰም» አሉ። «ድንኳን የሚተከለው ልጁ ያለበት ቤት ደጃፍ ነው። ልጁ የት ነው ያለው አሁን?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ፤ የድንኳኑ ቁልፍ ያለው እኔ ጋ ነው።

ሰኞ ገና ወፍ ሲንጫጫ ዘነበ ጥሩምባውን ነፋ። ዘነበ የእድራችን ለፋፊ ነው፣ ድምፁ እስከ ሜክሲኮ ይሰማል ይባላል። በኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች መሐል እየዞረ ጮኸ፦ «የእድርተኛችን የወይዘሮ ጠጅቱ ልጅ ተስፋሚካኤል አርፏል። ለቅሶ ድረሱ። ልደታ ማርያም ጀርባ ነው።» መስኮቶች ተከፈቱ። ወጣቶቹ ጠጅቱ ወንድ ልጅ ነበራት እንዴ ይባባላሉ። የኔ ዕድሜ ያላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑት ግን አልጠየቁም። አንዳንዶቹ ጥሩምባውን ሲሰሙ በረንዳቸው ላይ ቁጭ አሉ፤ ለብዙ ሰው ያኔ ያልተነፋ ጥሩምባ ነበረው።

ፀሐይ ሳትበረታ ድንኳኑ ቪላው በር ላይ ተተከለ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ገመዱ ከአጥር እስከ አጥር ደረሰ። አግዳሚዎቹን ደረደርን። ትሪውን እኔ ያዝኩት። እናቴ ጥቁር ለብሳ መሐል ተቀመጠች፣ ግራና ቀኟ ሴቶቹ። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች፣ ገና ድምፅ አላሰማችም። ዓይኗ የቪላው በር ላይ ነው።

ሥዕሉን ሊጭን የመጣው መኪና ከድንኳኑ ፊት ቆመ። ሾፌሩ አብዱራህማን የሚባል ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ክላክስ አደረገና ለቅሶ መሆኑን ሲያይ ደንግጦ ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ገባና «ያጽናችሁ» ብሎ ተቀመጠ። ውኃ አቀረብኩለት።

«ማን ነው ያረፈው?» አለኝ።

«አንተ ልትጭነው የመጣኸው ልጅ ነው» አልኩት፣ ነገሩንም ባጭሩ ነገርኩት።

ውኃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰልኝ። «እኔ ከለቅሶ ቤት ሰው አልነጥቅም» አለና ቁልፉን ኪሱ ከቶ እግሩን አመቻቸ።

ቤካ ስልክ ይዞ እየሮጠ ወጣ፤ ከኋላው ኦድሪ። ድንኳኑን ስታይ ስልኳን ለፎቶ አነሣች። ነጭ ድንኳን፣ የተደረደረ አግዳሚ፣ ትሪ ላይ ውኃ። ስልኩን አንሥታ ቆየች፣ ከዚያ ምንም ሳታነሣ አወረደችው። አንድ ጊዜ ወደ ቪላው፣ አንድ ጊዜ ወደ እኛ አየች። ሕልም ብላ የሸጠችው ነገር በር ዘግቶባት ነበር።

ቤካን ማንም አልሰደበውም። እኔ ልሰድበው አፌን አሹዬ ነበር፣ ጋሽ አብዱሰመድ በዓይናቸው ከለከሉኝ። አግዳሚው ላይ የነበሩት የአያቱ ጓደኞች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ለቅሶ ድንኳን ደጃፍ ደርሶ ሳይቀመጥ የሚያልፍ የሰፈር ልጅ የለም። ተቀመጠ። ትሪውን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ብርጭቆውን አነሣ፣ መጠጣት አቃተው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«አያቴ ናቸው አይደል ሸራውን የሰጧት?» አለኝ በቀስታ።

«ሸራው የኛ ነው፤ ምልክቱ ጀርባው ላይ አለ» አልኩት። «አልተሸጠም፣ አልተጣለም። ገልብጠህ አይተኸው ቢሆን ኖሮ ታውቀው ነበር።»

ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ኦድሪ እየተከተለች ስለ ውል ተናገረችው፣ ስለ ገዢው ተናገረችው። ውስጥ ሣጥን ሲፈታ፣ እንጨት ሲሰነጠቅ ይሰማል። ሲወጣ ሥዕሉን በሁለት እጁ አቅፎታል፣ ፊቱን ወደ ደረቱ፣ ጀርባውን ወደ እኛ አድርጎ። መጀመሪያ የታየኝ በሰማያዊ ቀለም የተጻፈው የእድራችን ስም ነው፤ ግማሹ ድንኳኑ ሲቀደድ ተቆርጦ ቀርቷል። ሴቶቹ ብድግ አሉ፤ አስከሬን ሲገባ እንደሚነሡት።

ቤካ እናቴ ፊት ተንበርክኮ ሥዕሉን አዞረው።

እናቴ ልጇን አየችው። አሁንም ትሪውን ይዞ ቆሟል፣ አግዳሚዎቹ ግን ባዶ አልነበሩም፤ በዚህኛው ድንኳን ሰው ሞልቶባቸው ነበር። እጇን ቅንድቡ ላይ፣ ጠባሳዋ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ነጠላዋን ከአፏ አወጣች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያች ትንሽ ገላ ይወጣል ብዬ አልገመትኩም። ደረቷን እየመታች ጮኸች፣ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ፣ አብዱራህማን ሾፌሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ትሪውን መሬት አስቀመጥኩ። ብርጭቆ ይሰበር አይሰበር አላየሁም።

ኦድሪ ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆማ ነበር። የምትገባም የምትመለስም አትመስልም።

«ምን እያለች ነው?» ብላ ቤካን ጠየቀችው።

ቤካ ከተንበረከከበት ሳይነሣ ቀና ብሎ አያት። ያን ቀን በትክክል ተረጎመላት።

«ስሙን እየጠራች ነው» አላት።